ጠያቂ ልጅና መላሽ መምህር

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤታችን ስለ ልጆቻችን የወደፊት ኑሮ በተነጋገርን ጊዜ ሁሉ ከአፋችን የሚወጣው ሐኪምነት፣ መሐንዲስነትና የሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ልጅቱ «ድምፄን ብማርበት» ያለች እንደ ሆነ ግን «ዘፈን እንጀራ አይሆንም» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። በዚህ ጉዳይ ወላጆች ጥቂት እንድናስብበት በማለት፣ የአንዲት አፍሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ታሪክ በአንባብያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ፕሪቲ ዬንዴ እ.ኤ.አ. በ1985 በደቡብ አፍሪካ፣ በቀድሞ ስሟ ፒት ሪቲፍ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደች። የዘር ልዩነት አገዛዝ በ1994 ሲያከትም ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ኦፔራ በአመዛኙ የነጮች ብቻ ሆኖ ይኖር ነበር። እንዲያውም በኬፕ ታውን በ1971 የተመረቀው ታላቅ የኦፔራ ቤት ለሌሎች ዘሮች በሩን የከፈተው በ1975 ነው። ልጅቱም መዝሙርን በቤተ ሰብና በቤተ ክርስቲያን ለመደች እንጂ ስለ ኦፔራ የነገራት አልነበረም። አሳቧም እንደ ብዙዎቻችን ልጆች የሒሳብ ዐዋቂ ለመሆን ነበር።

በ16 ዓመቷ በቴሌቪዥን የብሪቲሽ ኤርዌይስን ማስታወቂያ ስትመለከት ሁለት ሴቶች በአንድነት የሚያዜሙትን ሰማች። ዜማው ፈረንሳዊው ሌኦ ዴሊብ ከደረሰው «ላክሜ» ከተባለ ኦፔራ የተወሰደ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሄዳም ይህ ምን እንደ ሆነ መምህሯን ጠየቀች። መምህሯ አልሳቁባትም፤ «ተዪው» አላሏትም። ኦፔራ እንደሚባልና ሰው ተምሮ ሊሠራው የሚችል መሆኑን ነገሯት። እንግዲህ የሕይወቷ መንገድ የተለወጠው በዚህች አጭር መልስ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን የዕድል ሳይሆን የድካም ታሪክ ነው። ሶፕራኖ ማለት ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ከፍተኛው ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በትንፋሿ ኀይል ብቻ፣ የሙዚቃ ጓዱን ድምፅ አልፋ እስከ መጨረሻው ወንበር መሰማት አለባት። በዚህም ላይ በኢጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ መዝፈን ይጠበቅባታል። ፕሪቲም በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ኮሌጅ በመምህርት ቨርጂኒያ ዴቪድስ ሥር ተማረች። በ2009 በቪየና በተደረገው የቤልቬዴሬ ውድድር በሁሉም ዘርፍ አንደኛ በመውጣት በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሆነች። ቀጥሎም በሚላኖ የላ ስካላ ቲያትር አካዳሚ ትምህርቷን አጠናከረች፤ በ2011 ደግሞ ሞስኮ ላይ በተደረገው የኦፔራሊያ ውድድር አንደኛ ወጣች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

በጥር 2013 በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ መጀመሪያ የተመደበችው ዘፋኝ በመቅረቷ፣ ፕሪቲ በሮሲኒ ድርሰት «ለ ኮንት ኦሪ» ውስጥ የዋናዋን ሴት ክፍል በጥቂት ቀናት አጥንታ እንድትቀርብ ተጠራች። አዳራሹ 3,800 ያህል ሰው ይይዛል። ወደ መድረክ ስትገባ በደረጃው ላይ ተሰናክላ ወደቀች። ይሁን እንጂ ተነሥታ ዜማዋን ቀጠለች፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበላት። በችኮላ የተጠና ክፍል በእንዲህ ያለ ሰዓት ከአእምሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ለዓመታት የተገራ ድምፅ ግን ባለቤቱን አይከዳም። ከዚያ ወዲህ በታላላቅ የኦፔራ ቤቶች ዘፍናለች። በግንቦት 2023ም በንጉሥ ቻርልስ 3ኛ የዘውድ በዓል ላይ በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን አዚማለች።

«ድምፅ ያለው ልጅ ሁሉ እዚህ ይደርሳልን?» የሚል ሰው ይኖራል። አይደርስም፤ የሚበዙት አይደርሱም። በደመወዝ የሚተዳደር ወላጅ ስለ ልጁ እንጀራ መጨነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን የምለው ልጆቻችን ሁሉ ዘፋኞች ይሁኑ አይደለም። ችሎታቸው በዐዋቂ ይመዘን፤ ሳይመዘን አይጣል ነው። በከተማችን በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የዜማ አባት ያለው አገር ዜማን የሥራ ፈት ሙያ አድርጎ ሊቆጥረው አይገባም። የሒሳብ ሙያ ቢሆን የትም አይሄድም፤ ልጅቱ ተመዝና ባይሆንላት ትመለስበታለች። የወጣትነት ድምፅ ግን ጊዜው ካለፈ አይመለስም።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን የምናውቀውን እንንገረው፤ ካላወቅነው ወደሚያውቅ ሰው እንውሰደው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ