ከአየር ላይ የሚያይ ዓይንና የሴቶች ድርሻ

በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ ክፍል ከሚገኙትና በቁጥር ከሚጠሩት ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 5 ነው። በሰፈሩ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሱቅና የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው። ወደ አምቡሊ ከሚወርድ አይሮፕላን ቁልቁል የሚመለከት ግን እነዚህን ሰፈሮች በቀጥታ መንገዶች ተከፋፍለው እንደ ዳማ ገበታ ተዘርግተው ያገኛቸዋል።

ከአየር ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የጭነት መኪና የሚያሳልፈውን መንገድ፥ ለመጋዘን የሚሆነውን ባዶ ቦታ በአንድ ወረቀት ላይ ያሳያል። ይልቁንም አይሮፕላኑ እየበረረ ተከታትለው የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች በከፊል ተደራርበው፥ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ዓይን በልዩ መነጽር ሲታዩ፥ ከፍታውና ዝቅታው ጎልቶ ይወጣል። የዝናብ ውኃ የሚያቆረውን ዝቅተኛ ስፍራ ለይቶ ቦይ ለማስቆፈር ከዚህ የተሻለ መሪ አይገኝም። ሆኖም ፎቶግራፉ ጣራውን እንጂ ከጣራው በታች የሚኖረውን ሰው አያሳይም፤ ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ ያስፈልገዋል።

በዚህ ሥራ የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊቷ ሬይሞንድ ደ ላሮሽ በ1910 የአብራሪነት ፈቃድ ከሴቶች ሁሉ ቀድማ አገኘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እንግሊዛዊቷ ኮንስታንስ ባቢንግተን ስሚዝ በፎቶግራፍ ተርጓሚነት ስታገለግል፥ በ1943 ጀርመኖች በፔነሙንደ የደበቁትን፥ ያለ ነጂ የሚበር ቦምብ ከአንዲት ጥቃቅን ምልክት ለይታ አወቀች። በመሬት ላይ በጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ዓይን የብዙ ሰው ሕይወት ለማዳን ረዳ።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1929 ነሐሴ ወር አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን የተነሣው ከጅቡቲ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል ኢትዮጵያዊት አይሮፕላን መንዳት መማር ጀመረች፤ ዳሩ ግን የኢጣልያ ወረራ ትምህርቷን አቋረጠው። እርሷ ከአየር በወረደችበት ዘመን፥ ከ1935 እስከ 1941፥ የወራሪው አይሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ እየበረሩ ምድሪቱን ለካርታ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ፎቶግራፎቹ አራት አራት እየሆኑ ከ8,000 በሚበልጡ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ ቀርተዋል። ለጦርነት የተነሡት እነዚህ ፎቶግራፎች በኋላ ዘመን ሊቃውንት የደኑንና የእርሻውን መለወጥ የሚመረምሩባቸው ማስረጃዎች ሆነዋል።

ሙሉእመቤት የጀመረችው መንገድ ግን ተዘግቶ አልቀረም። በ2010 አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ በ2015ም ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሷል።

አገርን ከላይ አይቶ በካርታ ማስፈር ኀይል ነው፤ ያ ኀይል በባዕድ እጅ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ከ1935 በኋላ የደረሰው መከራ አስተምሯል። በባለ አገሩ እጅ ሲሆን ደግሞ ቦይ ይቆፈርበታል፥ መንገድ ይቀየስበታል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ወጣቶችን የሚመርጥ አስተዳዳሪም ሆነ ልጁን የሚያስተምር ነጋዴ፥ ወንድ ልጁን ብቻ አስቦ ሴት ልጁን ቢተው፥ ከሁለት ዓይኖቹ አንዱን በገዛ እጁ እንደ ጨፈነ ይቆጠራል።