የቅባት እህል ዘይትና የልጆች ኮሌስትሮል

ኑግ፣ ሰሊጥና ሱፍ ጨምቀው የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለገዥ «ዘይታችን ኮሌስትሮል ያወርዳል» ማለት ይቀናቸዋል። አነጋገሩ ከፊል እውነትነት አለው፤ ነገሩ ልጆችን ሲመለከት ግን ጥንቃቄ ይሻል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ልዩነቱን እንዲያስረዱ ይህን አዘጋጅተናል።

ስቴሮል በዕፀዋት ውስጥ የሚገኝ፣ ኮሌስትሮልን በጣም የሚመስል ንጥረ ነገር ነው። አንጀት ውስጥ የኮሌስትሮልን ቦታ ስለሚሻማ ወደ ደም የሚያልፈው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ስቴሮሉ ራሱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። በቀን 2 ግራም ያህል ሲወሰድ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከመቶ 8 እስከ 10 ያህል ዝቅ ያደርጋል። ይህም ኮሌስትሮሉ በዘር በመጣባቸው ልጆች ላይ ጭምር ታይቷል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ100 ግራም የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 1 ግራም ስቴሮል አለ ብንል እንኳ (ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው) 2 ግራም ለማግኘት 200 ግራም ዘይት መጠጣት ያስፈልጋል። ይህ 1800 ካሎሪ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ሁሉ ይበልጣል። በውጭ አገር ለዚህ ሲባል ስቴሮል ተለይቶ የሚጨመርበት ማርጋሪን የሚሠራው ስለዚህ ነው።

የዘይታችን ጥቅም በሌላ በኩል ነው። ከኑግ ዘይት ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ የሚባለው፣ የማይረጋው ቅባት ሲሆን፣ ቅቤ ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋውና ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ነው። ኮሌስትሮል ላለበት ልጅ በወጡ ላይ ቅቤውን በዘይት መተካት ይረዳል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን በራስ ፈቃድ ቅባት መቀነስ አይገባም።

በዘር የሚመጣው ኮሌስትሮል ከ300 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል። ልጁ ቀጭንና ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ወላጁ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ከሆነ ልጁን ማስመርመር ይገባል። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ስቴሮል ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። እናት መድኃኒቱን ትታ ዘይት ብትይዝ ጉዳቱ ለብዙ ዓመት አይታይም፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ስቴሮል የተጨመረበት ምግብ ቫይታሚን ኤ የሚገኝበትን ካሮቲን ከደም ስለሚቀንስ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም። ሐኪም ለትልልቆቹ ሲያዝ ካሮት፣ ዱባና ጎመን አይጓደሉ።

በጀሪካኑ ላይ የእህሉ ዓይነትና የተጨመቀበት ቀን ይጻፍ። «መድኃኒት» የሚል ቃል አይለጠፍ፤ ስለ ልጁ የሚጠይቅ ወላጅም ወደ ሐኪም ይመራ።