እጁ ጆሮውን ነካ፤ ጆሮውስ ይሰማል?

እኅቴ ሆይ! ልጅሽ የመጀመሪያ ጥርሱን ያበቀለበትን፣ ዳዴ ያለበትን፣ «እማ» ብሎ የጠራሽን ቀን ታስታውሻለሽ? መቼም እናት ብዙ ነገር ትረሳለች፤ እነዚህን ቀኖች ግን አትረሳም። ሥራ ውላ፣ አውቶቡስ ጠብቃ፣ ደክሟት ቤቷ ስትገባ ድካሟን የሚያስረሳት ልጇ ዛሬ ያሳየው አዲስ ነገር ነው።

እኔም ሦስት ልጆች ያሳደግሁ እናት ነኝ፤ ዛሬ አያት ሆኛለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ በ1974፣ ሁለተኛው በ1977፣ የመጨረሻው በ1980 ዓ.ም. ኮተቤ ተወለዱ። ያን ጊዜ ኮተቤ የከተማው ዳርቻ ነበር። ከበላያችን የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ፣ ከበታቻችን ማሳ ነበር። ጧት ወደ ሥራ ስወጣ ከጫካው ማገዶ ለቅመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን በመንገድ አገኝ ነበር። አንዳንዶቹ ከሸክሙ ሌላ ልጅ ያዘሉ ነበሩ። እኔ የቢሮ ጸሐፊ ስለ ነበርኩ የማዝለው ልጅ አልነበረም፤ ልጆቼ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ይውሉ ነበር።

ዛሬ ላወጋሽ የፈለግሁት የልጆችን ዕድገት በምን እንደምንለካ ነው። እኔ በአንዱ ልጄ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ አንቺ እንዳትሳሳቺ እነግርሻለሁ።

የጎረቤት ልጅ መለኪያ አይደለም

የመጀመሪያዋ ልጄ እስከ 15 ወሯ ድረስ ብቻዋን አልሄደችም። የጎረቤት ልጅ በ11 ወሩ ሮጦ ስለ ነበር፣ ቡና በተጠራራን ቁጥር «ያንቺዋ ገና ነች?» መባል ሰለቸኝ። እግሯን በቅቤ አሸሁ፤ በግድም አቆምኋት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ በራፍ ላይ ቆማ «ልጅሽ ዛሬ ሄደች!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ከፋኝም። የመጀመሪያ እርምጃዋን ያየችው አያቷ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

በኋላ እንዳወቅሁት የጨነቀኝ በከንቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ጤነኛ ሕፃን ብቻውን የሚሄደው ከ8ኛው ወር አንሥቶ እስከ 18ኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ያለ ድጋፍ የሚቀመጠውም ከ4ኛው እስከ 9ኛው ወር ድረስ ነው። እንግዲህ በ11 ወሩ የሄደውም፣ በ15 ወሯ የሄደችውም ሁለቱም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ልጄ ምንም አላስቸገረኝም። ቶሎ ሄደ፤ ቶሎም አፉን ፈታ። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ወርውሮ፣ አዲስ ጥርስ እስኪመጣለት በየቀኑ መስታወት ያይ ነበር።

ያለፈኝ ምልክት

የመጨረሻው ልጄ፣ ማሙሽ የምንለው፣ በ10 ወሩ ሄደ። እኔም ተኩራራሁ። «የኔ ልጅ ከሁሉ ቀደመ» ስል ዋናውን ነገር ሳላስተውል ቀረሁ።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ጆሮው ይፈስ ጀመር። «ጥርስ ሲያበቅል ነው» ተባልኩ፤ አመንኩ። ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ የጡት ወተትም ጨመርሁ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩትና መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ግን መድኃኒቱን ሳልጨርስ ተውኩት፤ ለቀጠሮውም አልተመለስኩም። ጆሮው እየደረቀ፣ ተመልሶ እየፈሰሰ ዓመታት አለፉ።

ሁለት ዓመት ሲሞላው «እማ» እና «እንቢ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። «ወንድ ልጅ አፉ ቶሎ አይፈታም» አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት» ብላ መከረችኝ። ልነግርሽ አፍራለሁ እንጂ፣ ልጄን አዝዬ እንጥል ከምትቆርጠው ሴት ደጃፍ ድረስ ሄጄ ነበር። ከኛ ፊት የነበረው ሕፃን ሲጮህ ሰምቼና ምላጩን አይቼ ተመለስኩ። እንጥል መቁረጥ ደም የሚያፈስና ለቁስል መመረዝ የሚዳርግ ጎጂ ልማድ እንጂ አፍ የሚፈታ መድኃኒት አይደለም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ማሙሽ ሲጠራ አይመጣም ነበር። ደጅ ሲጫወት «ና ግባ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱ ዞር አይልም። «እያወቀ ነው፤ ልበ ደንዳና ነው» እያልኩ በቁንጥጫ አስገባው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሲሞላው ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ሲነካ ነበር። አንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ በዚህ መለኪያ ሳትገቡ አትቀሩም። ማሙሽ እጁን ዘረጋ፤ ጆሮውን ነካ፤ «ደርሷል» ተብሎ ተመዘገበ። ደስ ብሎኝ ሳምሁት። ያ እጁ የደረሰበት ጆሮ ይሰማ እንደሆነ ግን የጠየቀ ማንም አልነበረም፤ እኔ እናቱም አልጠየቅሁም።

የጠየቀችው መምህርቷ ናት። ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ የሠለጠነች ወጣት ነበረች። ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት አስጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። አፌን እያየ ስናገር ይመልሳል፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስናገር ግን አይመልስም።» ከዚያም ከኋላው ቆማ ስሙን በዝግታ ጠራች። አልዞረም። ከፊቱ ሄዳ ስትጠራው ፈገግ አለላት። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ሆስፒታል ስንሄድ ጆሮው ለብዙ ጊዜ በማመርቀዙ የሁለቱም ጆሮዎች ታምቡር መበሳቱ ተነገረኝ። ሕክምናው ወራት ፈጀ። የቀኝ ጆሮው ተሻለው፤ የግራው ግን እንደ ደከመ ቀረ። አንደኛ ክፍልን ደገመ። ከፊተኛው ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ የሰው አፍ እያየ 12ኛን ጨረሰ። ዛሬ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ካደገ በኋላ አንድ ቀን «እማዬ፣ ያን ጊዜ ስትጠሪኝ እንቢ ብዬ አልነበረም፤ አልሰማሽም ነበር» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ምን ማስተዋል ይገባል?

እንግዲህ፣ እኅቴ ሆይ፣ እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን አንቺ በጊዜው ያዢው። አራስ ልጅ ድንገት ከባድ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። ስድስት ወር ሲሆነው ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ ራሱን ያዞራል። ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ አንድ ሁለት ቃልም ይሞክራል። ሁለት ዓመት ሲሞላው «እማ ነይ» እንደሚለው ሁለት ቃል ያገጣጥማል። እነዚህን ካላየሽ «ይፈታል» ብለሽ አትጠብቂ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በእግር መዘግየትና በጆሮ መዘግየት አንድ አይደሉም። እግር ብዙ ጊዜ ራሱ ይደርሳል፤ ያልሰማ ልጅ ግን የሚማረው ቋንቋ በየቀኑ ያልፈዋል።

ቤት ውስጥ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ልጁ ሲጫወት ሳያይሽ ከኋላው ቁሚና በዝግታ ጥሪው። ሲጮሁበት መዞሩ ብቻ አያረካሽ፤ በሹክሹክታም ይዙር።

ጆሮው ከፈሰሰ ዘይት፣ ቅቤ፣ የጡት ወተትም ሆነ ቅጠል አትጨምሪበት፤ በክብሪት እንጨትም አትጎርጉሪው። ንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠምዝዘሽ ፈሳሹን እያስመጠጥሽ አድርቂው፤ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሕክምና ውሰጂው። ፈሳሹ 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። የታዘዘውን መድኃኒት ደረቀ ብለሽ አታቋርጪ። ኩፍኝና ማጅራት ገትርም የልጅን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የ9ኛውን ወርና የ15ኛውን ወር የኩፍኝ ክትባት አታሳልፊ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24 ቀን መከበሩም ይህን ለማስታወስ ነው።

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጄን የማየው ማታ ብቻ ነው» ትዪ ይሆናል። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። በእነዚያ ወራት ልጅሽን እቀፊው፤ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ አውሪው። ሥራ ስትመለሺ ደግሞ ልጁን የምትጠብቀውን አያት ወይም ሞግዚት «በላ? ተኛ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ። «ሲጠሩት ዞረ? ዛሬ ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። አባትም ሲገባ ይህንኑ ይጠይቅ፤ የልጅ ጆሮ የእናት ኃላፊነት ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሰንበት ማሙሽ የስምንት ወር ልጁን ይዞ መጣ። ሕፃኗ ጀርባዋን ሰጥታን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቡና ልወቅጥ ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ጣል ሳደርግ ብድግ ብላ ዞረች። አባቷ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ሁለታችንም ምንም አላልንም፤ እሱ ግን ተነሥቶ ከኋላዋ ሄደና ስሟን በሹክሹክታ ጠራ። ዞረች።

አንቺም ዛሬ ማታ ቤትሽ ስትገቢ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪና ከልጅሽ ኋላ ቆመሽ በዝግታ ጥሪው።