ሰበብ ከፈተናው ሲቀድም

ልጃችሁ ከባድ ፈተና ሲቃረብበት ምን ያደርጋል?

የእኛ ልጅ እዚሁ አዳማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የመውጫ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ሞጆ ለተጠራ ሰርግ የድምፅ መሣሪያ ሊያስተካክል ሄደ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ እንደማይመረቅ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ «ስንፍና ነው» አለ፤ እኔ «አገልግሎት ስለሚወድ ነው» ብዬ ተሟገትሁለት። ልጁ ወደቀ። ብዙ ቀን ቆይቶ እውነቱን ነገረኝ፦ «እማዬ፣ ሳላጠና ብወድቅ አላጠናሁም እላለሁ፤ አጥንቼ ብወድቅስ ምን እላለሁ?»

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ራስን አስቀድሞ ማሰናከል ይሉታል። በ1978 እ.ኤ.አ. ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ አሜሪካውያን ለተማሪዎች ጥያቄ ሰጡ። ለአንዳንዶቹ የደረሳቸው መልስ የሌለው ጥያቄ ቢሆንም «በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» ተባሉ። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ችሎታን የሚጨምርና የሚቀንስ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ቀረቡላቸው። በምን እንደተመሰገኑ ካልገባቸው መካከል፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ብዙዎች የሚቀንሰውን መረጡ! ምስጋናውን እንዳያጡ ሰበብ መያዛቸው ነበር። ይህን ሳነብ ልጄን በምእመናን ፊት «የእኛ ሊቅ» እያልኩ የጠራሁባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ።

በ1982 ጆንስና ፍሬዴሪክ ሮድዋልት ይህን ልማድ የሚለካ 25 ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አዘጋጁ። ተማሪው ሥራን እስከ መጨረሻው ሰዓት እንደሚያቆይ፣ ውጤት ሲበላሽ በሁኔታዎች እንደሚያመካኝና የመሳሰለውን እያሰበ ምን ያህል እንደሚስማማ በቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ልማዱ እንዳለ ያሳያል እንጂ የአእምሮ ማነስን አያመለክትም። የሚመልሰውም ተማሪው ራሱ ስለሆነ፣ ከራሱ የሸሸገውን መጠይቁ ላያገኝበት ይችላል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ቤት ውስጥ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ማስተዋል ይሻላል። እንቅፋቱ የሚመጣው ዋናው ፈተና ሲደርስ ብቻ ነውን? ሰበቡ ከውጤቱ በፊት ይነገራልን? ነገር ግን ከሻሸመኔ ወይም ከባቱ መጥቶ ቤተሰቡን ለመርዳት እየሠራ የሚማረውን፣ የታመመውንም ልጅ በዚህ አትጠርጥሩት፤ የእርሱ ችግር እውነተኛ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አንድ መክሊት የተቀበለውን ባሪያ አስቡ። ጌታው ስንፍናውን ገሥጾታል፤ ባሪያው ግን መክሊቱን ለምን እንደ ቀበረ ሲናገር ፈርቶ እንደነበር ገልጿል። እኛ ብዙ ጊዜ ስንፍናውን እንገሥጻለን፤ ፍርሃቱን ግን አንጠይቅም።

ባልና ሚስት ሆይ፣ አንዳችሁ ከሳሽ ሌላችሁ ጠበቃ ከመሆን ተቆጠቡ። አብራችሁ ጠይቁት። «ጎበዝ ነህ» ብቻ ሳይሆን የደከመበትን ሥራ ስም ጠርታችሁ አመስግኑት። ቢወድቅም ልጃችሁ መሆኑን ከውጤቱ በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት ንገሩት።

ልጃችን የሚቀጥለውን ዙር እየጠበቀ ነው። ማታ ማታ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ የራሱን መጽሐፍ ያነባል። ለሰርግ ሲጠሩት ደግሞ «ከፈተናው በኋላ» ብዬ የምመልሰው እኔው ነኝ።