የሰማያዊው ጭጋግ ትውልድ

በአሜሪካ፣ በቴኔሲና በሰሜን ካሮላይና ወሰን ላይ የሚገኙት የስሞኪ ተራሮች ስማቸውን ያገኙት፣ እሳት ሳይነድ በደናቸው ላይ ከሚያንዣብበው ሰማያዊ ጭጋግ ነው፤ እንዲህ ያለው ጭጋግ በብዙ የደን አገር የሚታይ ቢሆንም፣ በትውልዱ ሆላንዳዊ የሆነው የዕፅዋት ሊቅ ፍሪትስ ዌንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምንጩ ዛፎች ከቅጠላቸው የሚያወጡት መዓዛማ ተን እንደሆነ ገለጸ።

ይህ ተን ሲወጣ ረቂቅ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ እጅም አይጨብጠውም። ነገር ግን በፀሐይ ብርሃን ኃይል በአየር ውስጥ ከሚፈጠሩት ከኦዞንና መሰሎቹ ጋር ሲገናኝ ኦክስጅን እየተደረበበት ይከብዳል፤ ከከበደም በኋላ በተንነቱ መቆየት ስለማይችል፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ብናኝ ሆኖ ከረቂቅነት ወደ ግዙፍነት ይሸጋገራል። ብናኙም እስከ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል፣ የፀሐይን ብርሃን ይበትናል፣ ለደመና ጠብታም መነሻ ይሆናል። ከመኪና የሚወጣው የቤንዚን ተንም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ሁለቱም ከተለወጡ በኋላ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የትኛው ከደን የትኛው ከከተማ እንደመጣ በመልክ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

የሚለየው የካርቦን አቶም ነው። ካርቦን ሁሉ በባሕርዩ አንድ ሲሆን በክብደቱ ግን ይለያያል፤ በክብደት የተለያዩት አይሶቶፕ ይባላሉ። ከ100 አቶም 99 ያህሉ ካርቦን 12፣ አንዱ ያህል ካርቦን 13 ነው፤ ካርቦን 14 ግን ከሚሊዮን ሚሊዮን አቶም አንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በከፍተኛው አየር ባስነሣው ለውጥ ከናይትሮጅን ይወለዳል፣ በ5,730 ዓመትም እኩሌታው ይጠፋል። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየሩ ጋር ይመገበዋል፤ ለሚሊዮናት ዓመታት በከርሠ ምድር በተቀበረው ነዳጅ ውስጥ ግን አልቆ ጠፍቷል። ስለዚህ ሊቃውንት አየሩን በማጣሪያ ስበው፣ የተያዘውን ብናኝ አቃጥለው፣ አቶሞቹን በማፋጠኛ መሣሪያ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ፣ ምን ያህሉ ከሕያው ፍጥረት፣ ምን ያህሉ ከነዳጅ እንደመጣ ይረዳሉ። በአሜሪካ በዚህ መንገድ ሲመረመር፣ ከከተማ በራቁ ስፍራዎች ከብናኙ ካርቦን ከአምስት እጅ አራቱ በላይ፣ በከተሞች ግን ግማሽ ያህሉ የቅርብ ዘመን ካርቦን ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ተነሥቶ በደሉ የዛፍ ነው፣ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ ግን ከባድ ስሕተት ነው። የማገዶ ጭስም የቅርብ ዘመን ካርቦን ነው፤ ከዚያም በላይ ካርቦን 14 የአቶሙን ልደት እንጂ ተኑን ብናኝ ያደረገውን ኃይል አይመሰክርም። ለዚህኛው ጥያቄ ሌሎቹ አይሶቶፖች ይረዳሉ። ካርቦን 13 ከካርቦን 12 ይልቅ ለውሕደት ጥቂት ስለሚዘገይ፣ በአየር የቀረው ተን ቀስ በቀስ እየከበደ ይሄዳል፣ በክብደቱም ልክ ለውጡ ምን ያህል እንደገፋ ይታወቃል፤ በቤተ ሙከራም ሊቃውንት ከባድ አይሶቶፕ ሆን ብለው የጨመሩበትን ተን እየተከታተሉ፣ እያንዳንዱ አቶም ወደ ብናኙ የገባበትን መንገድ ይመረምራሉ። ከከተማ የሚወጡት የናይትሮጅንና የድኝ ጋዞች የዛፉን ተን ወደ ብናኝነት እንደሚገፉት ዛሬ ታውቋል፤ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካም ከድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወጣው የድኝ ጭስ በሕግ እየተቀነሰ ከሄደ ወዲህ፣ ደኑ መዓዛውን ማውጣቱን ሳያቋርጥ፣ ኦርጋኒካዊው ብናኝ አብሮ ቀንሷል።