«እንነጋገርበት»

በመዝገብ ቤት 29 ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት የመጡ የሄዱትን ኃላፊዎች የማስታውሳቸው በመልካቸው ሳይሆን በምሪታቸው ነው። ምሪት የምንለው ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ ጥጉ ላይ የሚጽፈውን ትእዛዝ ነው። «ይፈጸም» የሚል አለ። «አይቻልም፤ ምክንያቱ ተገልጾ ይጻፍላቸው» የሚል አለ። ለባለጉዳዩ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም፣ ለእኔ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ መልስ ይወጣል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ግልባጩ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። የምፈራት ሦስተኛዋን ነው፦ «እንነጋገርበት»። በዚህች ቃል የተመራ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ከርሞ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ የቡና ፍንጣቂ ጠጥቶ እኔው ጋ ይመለሳል። ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ግን አብሮት መጥቶ አያውቅም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ በ1955 ዓ.ም. የተቀጠሩ የንጉሡ ዘመን ሰው ነበሩ። ጡረታቸው ሲቃረብ ነው እጃቸው ላይ የወደቅሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ዘርግተው፣ «ይሄ ገቢ፣ ይሄ ወጪ። ሕዝቡ የጠየቀውን እዚህ ታያለህ፣ መንግሥት የመለሰውን እዚያ። አንዱ እየወፈረ ሌላው ከከሳ ቤቱ ታሟል ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ በ1966 ያዩትን አወጉኝ። ከየካቲት ወዲያ ገቢ መዝገቡን አቤቱታ አጥለቀለቀው፤ ደመወዝ ይጨመርልን፣ አለቃችን ይነሣልን፣ የተወሰደብን ይመለስልን። ወጪ መዝገቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ገጽ አይሞላም። ኃላፊው ነገ መኖር አለመኖሩን ስለማያውቅ አይፈርምም፤ ምክትሉ ኃላፊውን ይጠብቃል። «ወታደሩ ቤተ መንግሥት ሳይገባ መንግሥቱ እዚህ መዝገብ ላይ አልቆ ነበር» ይሉ ነበር ጋሼ።

የዚያን ዓመት ታሪክ በኋላ ሳነበው የእሳቸው መዝገብ ትዝ ይለኛል። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የካቲት 20 ቀን 1966 ሥልጣን ለቀቁ። በሳቸው ቦታ የተተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን አምስት ወር ሳይሞላቸው ሐምሌ 15 ተነሡ። ከሳቸው የተረከቡት ልጅ ሚካኤል እምሩም ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ሲወርዱ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር! ደርግ በበኩሉ ሰኔ ላይ ተቋቁሞ፣ እነሱ ያልፈረሙትን መፈረም ጀምሮ ነበር።

ነገሩ ግን በዚያ ዓመት አልተጀመረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ የተፈቀደው በ1958 ነበር። ወረቀቱ ቢፈቅድም ልማዱ አልፈቀደም፤ ትንሹም ትልቁም ጉዳይ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ። አልጋ ወራሹ በ1965 በጠና ታመው ለሕክምና ውጭ ሲሄዱ፣ ከ80 ዓመት ያለፉት ንጉሠ ነገሥት ቢያርፉ ማን እንደሚፈርም በግልጽ የሚያውቅ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው የዘርአ ያዕቆብ ወራሽነት የተነገረው ሚያዝያ 1966 ነው፤ ወታደሩ ከተነቃነቀ በኋላ። ብዙ ሰው ያን ዘመን «ጠንካራ መሪ ነበረው» ሲል እሰማለሁ። ከመዝገብ ቤት ሲታይ ግን ሁሉን የሚፈርም አንድ ሰው ያለው ቤትና ማንም የማይፈርምበት ቤት ልዩነታቸው የጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሰው ያረጀ ዕለት ሁለተኛው ቤት ይሆናል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ካስገደላቸው ባለሥልጣናት መካከል አክሊሉም እንዳልካቸውም ነበሩ። ጋሼ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ከዚያ ወዲያ ቢሮ ውስጥ የቀረው ትምህርት አንድ ነው» ይሉኛል፤ «ፊርማህን ደብቅ።»

ይህ ትምህርት ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ሳይሸራረፍ እኔ ድረስ ደርሷል። በፊርማው የተጠየቀ ኃላፊ ብዙ አይቻለሁ፤ ኦዲት መጥቶበት፣ ግምገማ ላይ ተነሥቶበት። ባለመፈረሙ የተጠየቀ ግን አንድም አላየሁም። ተረቱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ሲሾም ያልፈረመስ? እሱ ሲሻር ሲቆጨው አላጋጠመኝም፤ ንጹሕ ሰው ተብሎ ወደ ሌላ ወንበር ይዛወራል። ደካማ አመራር የምለው ይህን ነው። ደካማው ሁልጊዜ ለስላሳው ሰው አይደለም። ሲጮህ ኮሪደሩን የሚያንቀጠቅጥ፣ ብዕር ሲይዝ ግን «እንነጋገርበት» ከምትለው ቃል የማያልፍ ስንቱን አየሁ።

አለመረጋጋቱም የሚመጣው በመፈንቅለ መንግሥት ብቻ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በአዋጅም ይመጣል። መደርደሪያዬ ላይ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስኑት አዋጆች በተርታ አሉ፦ 4/1987፣ 471/1998፣ 691/2003፣ 916/2008፣ 1097/2011፣ 1263/2014። ንግድና ኢንዱስትሪን ብቻ እንከተል። በ1998ቱ አዋጅ አንድ ሚኒስቴር ነበሩ፤ በ2003ቱ ተለያዩ፤ በ2011ዱ እንደገና ተጋቡ፤ በ2014ቱ ደግሞ ንግዱ ቀጠናዊ ትስስርን ይዞ ወጣ፣ ኢንዱስትሪው ለብቻው ሆነ። ለያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ እሱን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው ከአዋጁ በኋላ ያለውን ወር ነው። ማኅተም ይቀየራል፣ ቲተር ይቀረጻል፣ የደብዳቤው ራስጌ ይለወጣል፣ ፋይል ይከፋፈላል። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ያሻሽላሉ የተባሉት ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን በየተራ መጥተዋል። አንዱ ሥር ሳይሰድ ሌላው ይተከላል። አዲሱ ኃላፊ የቀድሞውን ቢያስቀጥል ምስጋናው ለቀድሞው ይሄዳል፤ አዲስ ቢጀምር ግን ስሙ ይጠራል። ስለዚህ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ የምናገረው የራሴም ጥፋት ያለበት ነው። አንድ የእግረኛ ድልድይ ፋይል ነበር። የመጀመሪያው ማመልከቻ የተጻፈው በ1992 ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ ነፍሰ ጡር ማሻገር አይቻልም ይላል። የመጀመሪያው ኃላፊ «ይጠና» አሉ፤ ተጠና። ጥናቱ ሲደርስ ሰውየው ተዛውረው ነበር። ሁለተኛው «እንነጋገርበት» ብለው ዓመት ከመንፈቅ አሳደሩት። ሦስተኛው ተጠባባቂ ነበሩ፤ ተጠባባቂ ደግሞ ይጠባበቃል እንጂ አይፈርምም። አራተኛው «እንደ አዲስ ይጠና» አሉ። ሁለተኛው ጥናት ያው ቦታ፣ ያው ርዝመት፤ ዋጋው ብቻ ጨመረ። ከዚያ መዋቅር ተለወጠና ቢሮ ቀየርን። ፋይሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን አጓጓዝን፤ ቅጽ አንድ መንገድ ላይ ቀረ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልቆጥር ነው ያሰርኩት።

አንድ ቀን ከዚያ ቀበሌ አንድ አዛውንት መጡ። «አባባ፣ የቀድሞው ሰነድ አልተገኘም፤ እንደ አዲስ ማመልከት ሊኖርብዎ ነው» አልኳቸው። ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ፣ ከፌስታሉ ውስጥ በክር የታሰረ ወረቀት። ከ1992 ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ግልባጩ አለ፤ በቀን ተደርድሯል። አንዱም አልጎደለም።

«ልጄ፣ እናንተ ጋ ሰው ይቀያየራል» አሉኝ፤ «ወንዙ ግን ያው ነው።»

ግልባጮቹን አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒ አደረግኩ። የጠፋው ቅጽ አንድ ከአንድ ገበሬ ፌስታል ውስጥ እንደገና ተወለደ። ኦሪጂናሉን መልሼ አሰርኩላቸው፤ እኔ ዘንድ ከሚቀመጥ እሳቸው ዘንድ ቢቀመጥ እንደሚሻል ሁለታችንም ገብቶናል። ፋይሉን በዚያው ዕለት ወደ ላይ ላክሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጥጉን ለማየት እጄ ፈራ፤ ገለጥኩት። የብዕሩ ቀለም አዲስ፣ ፊርማው የማላውቀው፣ ቃሉ ግን የማውቀው ነበር።