ሜሶቴሊዮማን ማከም፦ ከቀዶ ሕክምና እስከ ማርገብገቢያ

ሳንባ ውሃ ቋጠረ ሲባል በአገራችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ይሆናል። ውሃው ተቀድቶ ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ሲሞላ፣ በቲቢ መድኃኒትም አልደርቅ ሲል ግን ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ነው። ከሚፈለጉት አንዱ ሜሶቴሊዮማ ነው፦ ሳንባን፣ ሆድ ዕቃን፣ አልፎ አልፎም ልብን በሚሸፍነው ስስ ገለፈት ላይ የሚነሳ ካንሰር። የሚበዛው በሳንባ ሽፋን ላይ የሚወጣው ነው።

መንስኤው በአብዛኛው አስቤስቶስ ነው፤ ለጣሪያ ክዳን፣ ለውሃ ቱቦ፣ ለመርከብ ማሞቂያ ሽፋን፣ ለፍሬን ሸራ ሲያገለግል የኖረ ቃጫ መሰል ማዕድን። ብናኙን የተነፈሰ ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ 33 ሕሙማንን መዝግበው በሽታውን ከሰማያዊው አስቤስቶስ ጋር ሲያያይዙት፣ ከሕሙማኑ መካከል ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ በልጅነታቸው በማዕድኑ አካባቢ ያደጉ ብቻ ነበሩበት። ስለዚህ በባዕድ አገር በሕንፃ ማፍረስ ወይም በመርከብ ጥገና የሠራ ወገን፣ ሥራውን ከተወ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከናሙና ነው። የተቀዳው ውሃ ብቻውን ብዙ ጊዜ ቁርጡን አይናገርም፤ በጎን በኩል በምትገባ ካሜራ ከሽፋኑ ላይ ቁራጭ መውሰድ ያስፈልጋል። በሽታው ኤፒተሊዮይድ፣ ሳርኮማቶይድና የሁለቱ ድብልቅ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ይልቅ ለሕክምና ይመቻል፤ የመድኃኒቱ ምርጫም በዚሁ ላይ ይወሰናል።

ለረጅም ጊዜ ዋናው መድኃኒት ሲስፕላቲንና ፔሜትሬክሰድ አንድ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ጥናት ሲስፕላቲን ብቻውን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ9.3 ወር በላይ ሲቆዩ፣ ሁለቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ቆይተዋል። ጥናቱ በመካሄድ ላይ ሳለ መድኃኒቱ ክፉኛ ሲጎዳ በመታየቱ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ12 ተጨመሩ፤ ጉዳቱም ቀነሰ። ዛሬ ታካሚው ኬሞቴራፒው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ያቺን ትንሽ የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ መዋጥ ይጀምራል። ተራ ቫይታሚን ናት ብሎ መዝለል አደገኛ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነሣሣው ኢሚውኖቴራፒ ነው። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በአሜሪካ ተፈቀዱ። በጥናቱ መካከለኛው የሕይወት ዘመን በኬሞቴራፒ 14.1 ወር፣ በእነርሱ ደግሞ 18.1 ወር ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በሳርኮማቶይድና በድብልቁ ዓይነት ነው፤ 8.8 ወር የነበረው ከእጥፍ በላይ አድጓል። ዋጋቸው ግን ከአብዛኛው የአገራችን ታካሚ አቅም በላይ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እነዚህን ወራት እንደ ቀነ ቀጠሮ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቲቨን ጄ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 የሆድ ዕቃ ሜሶቴሊዮማ ሲገኝበት መጻሕፍቱ መካከለኛው ዕድሜ ስምንት ወር ነው ይሉ ነበር። ግማሾቹ ከስምንት ወር በላይ ይኖራሉ ማለት መሆኑን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመንም ለአንዳንዱ ረጅም ሊሆን እንደሚችል ተረድቶ ታከመ፤ 20 ዓመትም ኖረ። ለሆድ ዕቃው ዓይነት ዛሬ የተሻለ መንገድ አለ፦ የሚታየውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ጠርጎ፣ የሞቀ የኬሞቴራፒ ፈሳሽ በሆድ ውስጥ ማዘዋወር። በልምድ የበሰለ ቡድን ሲሠራው፣ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ዓመታትን ይጨምራል።

በሳንባው በኩል ግን ቢላዋ የተመኘነውን አልሰጠም። ቀድሞ ሳንባው ከነሽፋኑ ይወጣ ነበር፤ ኋላ ሳንባውን ትቶ ሽፋኑን መግፈፍ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማርስ 2 የተባለ የብሪታንያ ጥናት 335 ሰዎችን አወዳድሮ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 24.8 ወር፣ ቀዶ ሕክምና የተጨመረላቸው ግን 19.3 ወር መሆኑን አገኘ። ውጤቱን የሚሞግቱ ቀዶ ሐኪሞች አሉ። እኔ ግን ቤት ሸጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከመነሣት በፊት ይህን ጥናት ጠቅሶ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል እላለሁ። የጨረር ሕክምና በዋናነት አንድ የሚያምን ቦታ ለማስታገስ ይረዳል፤ ለዚህም በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው ማዕከል ጥቁር አንበሳ ነበር።

ውሃውን ማድረቅ ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው። ሐኪሙ በጎን አጥንቶች መካከል ቦታውን አደንዝዞ ቱቦ ያስገባል፤ ገብስማ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ፣ ትራስ ተደግፎ ያደረ ሰው ጋደም ማለት ይችላል። እንዳይመለስ ታልክ የተባለ ዱቄት ይረጭና ሁለቱ ሽፋኖች ይጣበቃሉ፤ ወይም ቀጭን ቱቦ ተተክሎ ቤተሰብ በቤቱ ያፈስሳል። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

ከሕክምናው ጎን ለጎን ሰው የሚይዘው ብዙ ነው፦ ፀበል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ዝንጅብል፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር። ሜሶቴሊዮማን ያጠፋ ዕፅ የለም። አኩፓንክቸር የኬሞቴራፒን ማቅለሽለሽ ሊያቀል ይችላል፤ ማሳጅና ጸሎት ጭንቀትን ያረግባሉ። ፀበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። የሚጠጣ ዕፅ ግን ከኩላሊትና ከጉበት ጋር ስለሚገናኝ ለሐኪም መነገር አለበት፤ ቁጣ ፈርቶ መደበቅ የሚጎዳው ታካሚውን ነው። ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሰው፣ ፔሜትሬክሰድ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ጾምን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ሰውነቱ እየመነመነ ያለ ታካሚ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ወተትና እንቁላሉን ቢበላ ይሻለዋል።

ትንፋሽ ሲያጥር ሐኪሞች በጥቂት መጠን ሞርፊን ያዝዛሉ፤ የሞት መድኃኒት ነው የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያለ አግባብ እንዲሠቃይ አድርጓል። ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክንድን በጉልበት ላይ ማሳረፍም ይረዳል። ከሁሉ ቀላሉ ነፋስ ነው፤ ትንሽ የእጅ ማራገቢያ ከፊት አጠገብ ተይዞ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ሲነፍስ የመታፈኑ ስሜት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። መብራት በጠፋበት ቤት የቡና ከሰል የሚርገበገብበት የሰሌን ማርገብገቢያም ይሠራል፤ ከሰሉ ግን ከክፍሉ ይውጣ።